አርፈሽ ተቀመጪ

ሕመሙ የጀመረኝ ቦርከና ወንዝ ዳር፣ እንስራዬን ሞልቼ ወደ ጀርባዬ ሳነሣ ነው። ከእምብርቴ በታች፣ በግራ በኩል። እንደ ቁርጠት መጥቶ የሚሄድ አልነበረም፤ ገብቶ ተቀመጠ። እንስራውን አውርጄ ድንጋይ ተደገፍሁ። ከደሴ ሆስፒታል ከወጣሁ ገና አራተኛ ቀኔ ነበር።

ጊዜው የጣሊያን ጊዜ ነው። የአራት ወር ጽንስ አስወርዶኝ፣ ደሙ አልቆም ብሎ ትኩሳት ሲከተለው፣ ባሌ ሰይድ ከኮምቦልቻ በካሚዮን ደሴ አደረሰኝ። ዐሥራ አንድ ቀን ተኛሁ። ጣሊያኑ ሐኪም ማሕፀኔን አጸዳልኝ፤ ትኩሳቱም ወረደ። ለዚህ ሥራው ዛሬም አመሰግነዋለሁ። ከዚያ በኋላ ለሆነው ግን አላመሰግነውም።

የወጣሁ ቀን ሐኪሙ ወረቀቱን እያየ ብዙ ተናገረ። ፊቴን አላየም። አጠገቡ የቆመው አስተርጓሚ፣ ያገራችን ሰው ነው፣ ያን ሁሉ ሰምቶ ለእኔ ያቀበለኝ ይህን ብቻ ነው።

«አርፈሽ ተቀመጪ ብሎሻል።»

አማርኛ የሚያውቅ ይፍረደኝ። አርፈሽ ተቀመጪ የምትባለው ምን ዓይነት ሴት ናት? ነገር የምታበዛ፣ ሰው የምታስቸግር ናት። ያን ሰሞን ደግሞ አገሩ ሁሉ አርፈህ ተቀመጥ እየተባለ በየገበያው አዋጅ የሚለፈፍበት ጊዜ ነበር፤ ያላረፈ ሰው ምን እንደሚደርስበትም በዓይናችን አይተናል። እኔም ተኝቼ ሳለሁ የምታበሉኝ የማን ዕርድ እንደሆነ ካልነገራችሁኝ አልቀምስም ብዬ አስቸግሬአቸው ነበር። ስለዚህ ሁለተኛ እዚህ መጥተሽ እንዳትነዘንዢን ያለኝ መሰለኝና አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ቤቴም ገብቼ አርፌ ተቀመጥሁ፤ እንደ ገባኝ ማለት ነው። አፌን ዘግቼ ውሃ ቀዳሁ፣ ማሽላ ፈጨሁ፣ እንጨት ተሸከምሁ።

ከወንዙ ከተመለስሁ በኋላ ሕመሙ ባሰ። ቀጥ ብዬ መቆም አቃተኝ። ሽንቴ አቃጠለኝ። በኮምቦልቻ ፀሐይ ብርድ ብርድ አለኝ። ከማሕፀኔ የሚወጣው ፈሳሽ ሸተተ። ለሰይድ ግን «ሆዴን ነው» አልሁት። ማሕፀን የሚለውን ቃል ለገዛ ባሌም መናገር አፈርሁ። እሱም ምስኪን የሆድ መድኃኒት ብሎ ፌጦ አመጣልኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ፌጦ ጠጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ ሊጠይቁኝ መጡ። አዋላጅ ናቸው። ግንባሬን ዳሰሱና ፊታቸው ተለወጠ።

«ስትወጪ ሐኪሙ ምን አለሽ?»

«አርፈሽ ተቀመጪ አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አላረፍሽም?»

«ወላሂ አርፌያለሁ፣ እትዬ። ለማንም ትንፍሽ አላልሁም።»

«በማርያም፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ተኚ ማለቱ ነው እንጅ ዝም በይ ማለቱ ነው?»

ገባኝ። በአንድ ቃል ልሞት ነው። ፈራሁ፤ ወዲያው ደግሞ ንዴቱ ከፍርሃቱ በለጠ።

ሰይድ በዚያው ቀን ካሚዮን ለምኖ አሳፈረኝ። ወደ ደሴ የሚያወጣውን ጠመዝማዛ አልረሳውም። ሐኪሙ ከእምብርቴ በታች ሲጫነኝ ጮኽሁ። «ኢንፌክሽን ነው» አለ፤ ማሕፀኔ አመርቅዞ ኖሯል። ከዚያም እኔኑ ተቆጣኝ። «ሪፖዞ! ሪፖዞ!» እያለ መዳፉን ጉንጩ ሥር አድርጎ እንደተኛ ሰው ዓይኑን ጨፈነ። ዕረፍት ማለት ነው። ያን ቀን ቀና ብሎ አይቶኝ እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ አስተርጓሚም ባላስፈለገን።

አስተርጓሚውን ቀና ብዬ አየሁት። «እኔ ያለውን ነው የነገርሁሽ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቃሉ ልክ ነው። እስከ ዛሬ የሚያበግነኝም ይኸው ነው። ተኝተሽ ሰንብች፣ ውሃ አትቅጂ፣ አትፍጪ ለማለት ስንት ትንፋሽ ያልቅበት ነበር? ለአንዲት ድኻ ሴት ይህን ያህል ይበቃታል ብሎ ቆጠበብኝ።

ሁለተኛ ስወጣ ግን ከጠረጴዛው ፊት አልነቃነቅም አልሁ። ስንት ቀን ልተኛ? እንስራ ላንሣ? ከባሌ ጋር መተኛቱስ? አስተርጓሚው አፈረ፤ እኔ ማፈር ትቼ ነበር። ትኩሳቱ ቢመለስ ምን ላድርግ? እያንዳንዱን እንዲጠይቅልኝ አደረግሁት፤ መልሱንም በራሴ አፍ መልሼ ነገርሁት። ዘበኛው ከበር ላይ ሆኖ «ሴትዮ፣ አርፈሽ አትሄጂም?» አለኝ።

«አላርፍም» አልሁት፣ «ገና አልጨረስሁም።»

አርባ ቀን ተኚ ተብዬ አርባ ቀን ተኛሁ፤ ያዘዙልኝን ክኒን ሳላቋርጥ እየዋጥሁ፣ ፈሳሹ ወደ ታች እንዲወርድ ነው እንዳሉኝ ከወገቤ በላይ በትራስ ከፍ ብዬ፣ ትኩሳቱ ከለቀቀኝ በኋላም ሕመሙ ሲነሣብኝ በጨርቅ የተቋጠረ የሞቀ ጨው ከእምብርቴ በታች እያስደረግሁ። እትዬ ጥሩነሽ ማለዳ ማለዳ አጥሚት ይዘውልኝ ይመጣሉ፤ ሰይድ ደግሞ እንስራውን እንደ ሴት በጀርባው አዝሎ ቦርከና ይወርዳል፣ ጓደኞቹም መንገድ ዳር ተሰብስበው «ሰይድ፣ መቼ ነው የምትወልደው?» እያሉ ይሳሳቁበታል፣ እሱም «የሐኪም ትእዛዝ ነው» እያለ ያልፋቸዋል። ሲስቁ እሰማ ነበር፤ ተነሥቼ በድንጋይ ባልሁአቸው እያልሁ ተኛሁ።

ደግመን ጽንስ አልያዝንም። ያን ማን እንደወሰደብኝ፣ ሕመሙ ይሁን እንስራው፣ የሚነግረኝ ሐኪም አላገኘሁም። አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለሁ። እትዬ ጥሩነሽን አላህ ይክፈላቸው፤ ሰይድንም።

እህቴ፣ ጽንስ ወርዶሽ ወይም ወልደሽ ከሐኪም ቤት ከወጣሽ በኋላ ከእምብርትሽ በታች ከታመምሽ፣ ትኩሳት ከያዘሽ፣ ደምሽ ከበዛ ወይም ፈሳሽሽ ከሸተተ፣ በዚያው ቀን ተመለሺ፤ ፌጦ አትጠጪ። ሆዴን ነው አትበይ፤ ማሕፀኔን ነው በይ። ሐኪሙ የነገረሽን መልሰሽ ሳትነግሪው ከደጁ አትውጪ። ሰው ነዝናዛ ቢልሽ ይበልሽ። እኔ ያን ጊዜ እንደ ገባኝ አርፌ ብቀመጥ ኖሮ፣ ይኸኔ አርፌ ነበር።