በአዴ ቀነኒ ማድ ቤት የተቀደደው ግድግዳ

በጃንሆይ ዘመን፣ ነቀምቴ ውስጥ የአናጢነት ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ አዴ ቀነኒ የሚባሉ ሴት የማድ ቤት ቁም ሳጥን አዘዙኝ። ማድ ቤታቸው ከመጥበቡ የተነሳ ቁም ሳጥኑ ግድግዳው ላይ ቢለጠፍ በሩ አይከፈትም። ስለዚህ ግድግዳውን አንድ ስንዝር ያህል ቦርቡሬ እዚያው ውስጥ ልከተው አሰብኩ።

አዴ ቀነኒ ገበያ ሲወጡ፣ "ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ተጠንቀቅ" አሉኝ። "ከግድግዳው ወዲያ የዘነቡ ማድ ቤት ነው። ከተኳረፍን ሦስት ዓመታችን፤ ሰበብ እንዳታገኝብኝ።"

በእንጨቶቹ መሃል ያለውን ጭቃ ቀስ እያልኩ በመሮ ፈለፈልኩ። ለካ ግድግዳው ካሰብኩት በላይ ስስ ኖሯል። ጭቃው በአንዴ ተንዶ ወደ ጎረቤት ወደቀ። በቀዳዳው በኩል ወይዘሮ ዘነቡ ማማሰያ እንደያዙ ትክ ብለው ያዩኛል። ቶሎ ጭቃ አቡክቼ ልድፍነው ስል ውሃውን ደፋሁት። ይሄኔ አዴ ቀነኒ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ገቡ።

ቀዳዳውን አዩ፤ ቀጥለው ጎረቤታቸውን አዩ። እኔ ዕቃዬን ትቼ ልሮጥ በሩን እያየሁ ነው።

"ቀነኒ፣ ከስተሻል እኮ" አሉ ወይዘሮ ዘነቡ።

"አሞኝ ከርሞ ነው" አሉ አዴ ቀነኒ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ጭቃውን ተወው። ለቁም ሳጥኑ በእሷም በኩል በር አብጅለት" አሉኝ።