ሦስቱ ሰዎችና የሞተሩ ቁጥር

የአጎቴ ሚስት የለመኑኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። እኔ ስምንት ወር ሙሉ ሌላ ነገር ስፈልግ ከረምኩ።

አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ከደብረ ዘይት በሚነሣ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ አቅጣጫ መሪ ነበር። አንድ ጠዋት ሦስት ሆነው ወጡ፤ አብራሪው፣ አጎቴና ቦምቡን የሚጥለው ሰውዬ። አልተመለሱም፤ አስከሬንም አልመጣም። እትዬ የምላቸው ሚስቱ ዛሬ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ከተማ ውስጥ፣ ከፒዮሪያ ስትሪት ገባ ብሎ ካለ አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። የባላቸውን ሙት ዓመት አንድም ጊዜ አስታጉለው አያውቁም። በጸሎቱ የሚጠራው ግን የእሱ የክርስትና ስም ብቻ ነው።

“አብረው በሉ፣ አብረው ወጡ፣ አብረው ቀሩ” አሉኝ አንድ እሑድ። “እኔ ግን የማስጠራው የራሴን ብቻ ነው። ንፍገት ነው ይሄ። አንተ መጽሐፍ ስታገላብጥ ነው የምትውለው፤ የሁለቱን የክርስትና ስም ፈልግልኝ። ሳልሞት።”

“ሳልሞት” የሚለውን ቃል እትዬ ሽንኩርት ለማስገዛትም ይጠቀሙበታል። በዚያ ሰሞን ግን ሐኪማቸው የልባቸው ቫልቭ መቀየር አለበት ብሏቸው ነበር። እሳቸውም ስሞቹ ሳይገኙ ሆስፒታል አልተኛም ብለው ቀጠሮውን ሁለት ጊዜ አስተላልፈዋል።

ፍለጋዬን እንደማንኛውም የተማረ ሰነፍ ከኢንተርኔት ጀመርኩ። በየአገሩ የድሮ አውሮፕላን ፍቅር የያዛቸው ጡረተኞች አሉ። አጎቴ የሞተበትን አውሮፕላን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ከየትኛው ፋብሪካ እንደወጣ፣ ሞተሩ መቼ እንደተቀየረ፣ ክንፉ ሥር መጀመሪያ ምን ቀለም እንደነበረው። በዚያ ቀለም ምክንያት ከመካከላቸው ሁለቱ ተጣልተው እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። ስለ ሰዎቹ የተጻፈው ግን “ሦስቱም ሠራተኞች ሞተዋል” የሚል አንድ መስመር ነው። ሳቅኩባቸው። ከዚያ ማስታወሻ ደብተር ገዛሁና የሞተሩን ቁጥር ገለበጥኩ።

ደብተሩ ሲሞላ ሰው መፈለግ ጀመርኩ። አጎቴ በነበረበት የአየር ኃይል ጓድ፣ በስኳድሮኑ፣ ቦምብ ጫኝ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ካለ ምግብ ቤት አይጠፉም ብለው ሰዎች ነገሩኝ። እኔ መኪና አልነዳም፤ እዚህ አገር ባለ ሐበሻ ዘንድ ይህ ሃይማኖት ከመካድ አይተናነስም። በ15 ቁጥር አውቶቡስ ሄድኩ። ሰውየው ታክሲ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። በወጣትነታቸው ለሥልጠና የተላኩት እዚሁ ዴንቨር ነበር፤ የአየር ኃይሉ ማሠልጠኛ ግቢ ዛሬ መኖሪያ ቤትና የውሻ መናፈሻ ሆኗል።

“ቦምብ መጫን የተማርኩት አሁን ዮጋ የሚሠሩበት ቦታ ላይ ነው” አሉኝ ሻያቸውን እያማሰሉ። “ተንጋለው ሳያቸው፣ ቦታው ለዚህም እንደሚሆን ምናለ ቀድሞ በነገሩኝ እላለሁ።”

“የአብራሪውንና የቦምብ ጣዩን የክርስትና ስም ያውቃሉ፣ ጋሼ?”

“ስኳድሮን ነው እንጂ ሰንበቴ ማኅበር መሰለህ እንዴ? አብራሪውን በጆሮው ነበር የምንጠራው። ያኛውን በአረማመዱ።”

“እርስዎንስ በምን ይጠሩዎት ነበር?”

“እሱን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩ።” ሻያቸውን ፉት አሉ። “የአብራሪው ልጅ ግን እዚሁ ከዴንቨር ወደ ሰሜን፣ ቶርንተን አለች። ነርስ ናት። ባለፈው ዓመት ስኳሬን ስትለካኝ ባጇ ላይ የአባቷን ስም አይቼ ነው ያወቅኋት። ጴንጤ ናት፤ ኋላ አልነገሩኝም እንዳትል።”

ቅዳሜ በእሳቸው መኪና ሄድን። የሚነዱት ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው እያወሩ ስለሆነ፣ ለሙታን የሚደረግ ጸሎት ጥቅሙ የገባኝ ሀይዌዩ ላይ ነው። ልጅቷ ልጅ አይደለችም፤ የእኔ እኩያ ናት። ከሥራ ገና መግባቷ ስለነበር የነርስ ልብሷን አልቀየረችም። ወጥ ቤቷ ውስጥ አስቀመጠችን፤ ግድግዳው ላይ አባቷ የበረራ ልብሱን ለብሶ ይሥቃል። ጆሮው እውነትም ትልቅ ነው።

“ስሙን ለምን ፈለጋችሁት?” አለችኝ። ነገርኳት።

“ለሞተ ሰው አይጸለይም፣ ወንድሜ። አባቴ ጌታ ጋ ከሆነ አያስፈልገውም። ካልሆነም አይረዳውም።”

“እኔም ብዙ አላምንበትም።”

“ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?”

“ጠይቂው!” አሉ ሽማግሌው። “ስምንት ወር ሙሉ ስለ ሞተር ሲያጠና የከረመ ሰው ነው።”

እውነቱን ተናገርኩ። እትዬ ስሞቹ ካልተገኙ ለልብ ቀዶ ሕክምና አልተኛም ብለዋል አልኳት። ፊቷ ወዲያው ተለወጠ፤ ሃይማኖቱ ሄዶ ነርሷ መጣች።

“ቫልቭ ነው? ሁለት ጊዜ ካንስል አድርገው? ደውልላቸው። አሁን።”

ደወልኩ፤ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ድምፁን ከፈተችው። ቀጠሮ ማስተላለፍ ምን እንደሚያመጣ ለእትዬ እንደ ሕፃን ዘርዝራ ነገረቻቸው። እትዬ እስክትጨርስ ጠበቁና እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፦

“የማን ልጅ ነሽ አንቺ፣ እንዲህ የምትቆጪኝ?”

የአባቷን ስም ተናገረች። ስልኩ ውስጥ የእትዬ ቴሌቪዥን ብቻ ይሰማ ነበር። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ጠፋ።

“እናትሽ ወለጋ ይዛሽ የሄደችው?”

“አዎ።”

“የክርስትና እናትሽ ነኝ እኮ! በሰማንያ ቀንሽ ያነሣሁሽ እኔ ነኝ። አዲስ ነጠላዬ ላይ ሸንተሽብኛል። ባሎቻችን ከጠፉ በኋላ ከአየር ኃይሉ ግቢ አስወጡንና ተበታተንን። ስንት ጊዜ አስጠየቅሁሽ!”

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞሩ። እሷ ቆማ ነበር፤ ተቀመጠች።

“አባቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር፣ እማማ?”

እኔ የምጠብቀው የታወቀውን ነበር፤ ጀግና፣ ደፋር፣ አገር ወዳድ። ስለ ጦርነት የሚጻፈውን አብዛኛውን የማላምነው በእነዚህ ቃላት ምክንያት ነው።

“ፈሪ ነበር” አሉ እትዬ። “ከመብረሩ በፊት ሁልጊዜ ያስመልሰው ነበር። አፉን ታጥቦ ይመጣና ‘ሻይ አለ?’ ይለኛል። ጠጥቶ ይሄዳል።”

“ውሃውን የምሰጠው እኔ ነበርኩ” አሉ ሽማግሌው፣ ከመስኮቱ ሳይዞሩ።

ልጅቷ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችው። “የክርስትና ስሙን አላውቀውም” አለች በመጨረሻ። “ባውቀውም አልሰጣችሁም ነበር። ግን አላውቀውም። እናቴም አልፋለች። የራሴንም አላውቅ።”

“ያንቺንማ እኔ አውቀዋለሁ” አሉ እትዬ፤ ተናገሩትም። እዚህ አልጽፈውም። ልጅቷ ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈውን የግሮሰሪ ዝርዝር አንሥታ ከእንቁላሉ ሥር ጻፈችው።

“እንግዲያው የእሷ አባት ተብሎ ይጠራ” አሉ እትዬ።

ልጅቷ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። “እኔ በዚህ ጸሎት አላምንም፣ እማማ። ስሙ ግን የኔ ነው፤ ይውሰዱት። እርስዎ ደግሞ ሰኞ ደውለው ቀጠሮዎን መልሰው ያስይዙ።”

“ሦስተኛውስ?”

“ሰኞ፣ እማማ።”

በዚያው ምሽት እትዬ ቤት ሄጄ ለምን ስለ ክርስትና ልጃቸው ነግረውኝ እንደማያውቁ ጠየቅኋቸው። በጣም ደክሞኝ ስለነበር ጥያቄዬ ወቀሳ ሳይመስል አልቀረም።

“መቼ ጠየቅኸኝ?” አሉ። “ስለ አውሮፕላኑ ነው ስትጠይቀኝ የከረምከው። ክንፉ ሥር ምን ቀለም ነበር አላልከኝም? እኔ ክንፍ ሥር ምን አገባኝ?”

ከአውሮፕላን አፍቃሪዎቹ የምለየው እኔ የእነሱን ያህል እንኳ ባለማወቄ ነው። እትዬና የክርስትና ልጃቸው ሳይገናኙ በአንድ ከተማ ዙሪያ ሲኖሩ፣ እኔ የፋብሪካ መዝገብ ስገለብጥ ነበር።

ቄሱ “የእገሊት አባት” የሚል ነገር አንቀበልም ይላሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ወረቀቱን ተቀብለው ትንሽ አሰቡ። “እግዚአብሔር ከዚህ ባነሰ አድራሻም ሰው አግኝቶ ያውቃል” አሉ። የሙት ዓመቱ ዕለት እትዬን ቤተ ክርስቲያን ያደረሰቻቸው ልጅቷ ናት። በሩ አጠገብ ፓርክ አድርጋ ደግፋ አወረደቻቸው፤ እሷ ግን አልገባችም። ጸሎቱ እስኪያልቅ መኪናዋ ውስጥ ቆየች። ስሟ ሲጠራ ውጭ አልተሰማም፤ ልነግራት ስሄድ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ “ጉልበታቸውን አላመማቸውም?” ብቻ አለችኝ።

እትዬ ቃላቸውን ጠብቀው ሆስፒታል ገቡ። ከቀዶ ሕክምናው በአራተኛው ቀን ስሄድ፣ ሲያስሉ ስፌቱ እንዳይነካ የተሰጣቸውን ትራስ ደረታቸው ላይ አቅፈው ተቀምጠዋል። ልጅቷ፣ የሥራዋ ቦታ ባይሆንም፣ የመድኃኒት ቱቦውን እየፈተሸች ነበር። ደብተሬን አወጣሁ።

“ሁለት ተጠሩ” አሉ እትዬ በቀጭን ድምፅ። “አንድ ቀረኝ። አሁን እንደ ሰው ጠይቀኝ።”

የሞተሩ ቁጥር ያለበትን ገጽ አልፌ ባዶ ቦታ ፈለግሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ግራ ገባኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ጠይቄ አላውቅም።

“ቦምብ ጣዩ ማን ቤት ነበር የሚበላው?” አልኳቸው።

እትዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። “እኔ ቤት ነዋ። ሽንኩርት አይነካም ነበር። እናቱ ስለት ተስላበት ነው ይል ነበር።”

“የት ተሳለች? የትኛው ቤተ ክርስቲያን?”

“አየህ” አሉ፣ ትራሱን ጠበቅ አድርገው። “አሁን ጠየቅኸኝ።”