የአዴ ጫልቱ ከሰል

ባለፈው ቅዳሜ አማቼ ለልጆቹ ስጋ እጠብሳለሁ ብሎ አምቦ ባለው ግቢያችን ምድጃ አወጣ። ከሰሉ አልያዝ ሲለው ላምባ በጠርሙስ ይዞ መጣ። ከእጁ ነጠቅኩት። «ጠብታ ብቻ እኮ ናት፣ እማዬ» አለኝ። ተው ብዬው ብቻ አልተቀመጥኩም፤ ትልቅ ባዶ ጣሳና ሚስማር አምጣ አልኩት። ይህን የተማርኩት እጃጂ ነው፣ ያውም በሰው ክንድ።

እጃጂ የተመደብኩት በዘጠናዎቹ፣ ከነርስ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ ነበር። ነጭ ጋውኔን በየጠዋቱ የምተኩስ፣ ሰው መቆጣት ማስተማር የሚመስለኝ ልጅ ነበርኩ። ነሐሴ ላይ ከተማዋ በቆሎ እሸት በበቆሎ እሸት ትሆናለች። የነቀምት አውቶቡስ የሚቆምበት ቦታ ሴቶች በላስቲክ ዳስ ሥር ተደርድረው ይጠብሳሉ። አዴ ጫልቱ ከእነሱ አንዷ ነበሩ፤ ባላቸው ሞተውባቸው ሦስት ልጆች በዚያች ምድጃ የሚያሳድጉ፣ ሳቃቸው ከሩቅ የሚሰማ ሴት።

አንድ ጠዋት ጣቶቻቸው ውሃ ቋጥረው ጤና ጣቢያ መጡ። የጠፋ በመሰላቸው ፍም ላይ ላምባ ሲያፈሱ ነበልባሉ እስከ ጠርሙሱ ሽቅብ ወጥቶባቸው ነው።

«ሁለተኛ ላምባ ከሰል ላይ እንዳያፈሱ!» አልኳቸው፣ ተራ ጠባቂው ሁሉ እስኪሰማ።

«ኤዬ፣ ሲስተር። ግን እኮ ከሰሉ በዝናብ ርሷል፤ አውቶቡሱ ደግሞ...»

አላስጨረስኳቸውም። ቅባት ቀባሁ፣ ፋሻ ጠቀለልኩ፣ ቀጣዩን ጠራሁ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተመለሱ። አሁን የተቃጠለው ከእጅ አንጓቸው እስከ ክርናቸው ነበር፤ ቅንድባቸውም የለም።

«ላምባ አልነካሁም፣ ሲስተር» አሉ ገና ከበሩ። «ማሎ፣ እንዳትቆጪኝ። ቤንዚን ነው። የአውቶቡሱ ረዳት ሰጥቶኝ ነው።»

ሊቀልዱብኝ አልነበረም። ቃሌን አክብረው ከላምባ የባሰውን አፍስሰዋል። እኔ ላምባን ከልክዬ ምክንያቱን አልነገርኳቸውም፤ በምን ያቀጣጥሉ የሚለውንም አላሰብኩበትም። ፋሻውን እንደያዝኩ አፈርኩ። የፈሩት ደግሞ ሕመሙን ሳይሆን እኔን ነበር።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ዳሳቸው ገባሁ። ምድጃውን የያዘችው ትልቋ ልጃቸው ነበረች፤ ታራግባለች፣ ጭሱ ያስለቅሳታል። አውቶቡሱ የሚቆመው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ፍሙ ያን ሰዓት ካልደረሰ ተሳፋሪው ሳይገዛ ይሄዳል። ያቋረጥኩባቸው ነገር ይኸው ኖሯል።

ከጤና ጣቢያው የዱቄት ወተት ጣሳ አመጣሁ፤ ግርጌውን ቆርጬ ምድጃው ላይ አቆምኩት። ፍሬው የተፈለፈለ ደረቅ ቆረቆንዳና ልጣጭ ከሥር፣ የተሰባበረ ከሰል ከላይ። የመጀመሪያው ቀን ታፍኖ ጠፋ፤ ልጅቷ ሳቀችብኝ። አዴ ጫልቱ ባልተጠቀለለው እጃቸው ጣሳውን አገላብጠው አዩና «አየር በየት ይግባ?» አሉ። እሳቸው እያሳዩኝ ጎኑን ዙሪያውን በሚስማር በሳሁት። ከዚያ ወዲያ አንድ ክብሪት በቂ ሆነ። ጭሱ አልቆ የከሰሉ ጠርዝ አመድ ሲለብስ ጣሳውን በጉጠት አንስቶ ፍሙን መዘርጋት ነው። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ ስለዚህ ቀደም ብለው ይለኩሳሉ። የከሰሉንም ጆንያ ከመሬት አንስተን ቆጥ ላይ ሰቀልነው።

በመስከረም ዳሱ ሁሉ ጣሳ በጣሳ ሆነ። የአዴ ጫልቱ ክንድ ግን እንደ ድሮው አልተዘረጋም።

ዛሬም በእጃጂ ባለፍኩ ቁጥር እጠይቃቸዋለሁ። አርጅተዋል። እንግዳ ካለ እጅጌያቸውን ሰብስበው ያንን የተጨማደደ ክንድ ያሳዩና «እሷ ባትኖር ኖሮ ፊቴም እንዲህ ይሆን ነበር» እያሉ ይመርቁኛል። ጠባሳው ከእኔ ግማሽ ምክር የመጣ መሆኑን ልነግራቸው ስንት ጊዜ ቆርጬ ሄጃለሁ። ትኩስ በቆሎ ያስይዙኛል። እበላለሁ፣ አሜን እላለሁ፣ ሳልናገር እመለሳለሁ።