ሸርጣኑ ይበልጣል ወይስ ወፏ

ኤልውድ ጋሪሰን ጎረቤቴ ነው። አሜሪካ፣ ደላዌር ባሕረ ሰላጤ ዳር ተወልዶ እዚያው አርጅቷል። ዕድሜውን ሙሉ የፈረስ ኮቴ የሚመስለውን ሸርጣን እየያዘ የዓሣ ማባበያ እንዲሆናቸው ለዓሣ አጥማጆች ይሸጥ ነበር። ሸርጣኑ ሲያንስ እንቁላሉን የሚለቅሙት ደረተ ቀይ ወፎችም ተመናመኑ፤ መንግሥትም ሸርጣን መያዙን ከለከለ። ኤልውድ ያኔ ስድሳ ሊሞላው ነበር። ጀልባውን ግቢው ውስጥ ደፍቶ ቁጭ አለ። ወፍ ባየ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል።

በቀጣዩ ግንቦት ሜቪስ የምትባል ጡረተኛ አስተማሪ ወፍ ልትቆጥር መጣች። ቀጥ ብሎ ሄደባት።

"እመቤቴ፣ ለወፍ ብላችሁ የኔን ጉሮሮ ዘጋችሁ።"

"ይህቺ ወፍ ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ በርራ ነው የምትመጣው" አለችው፣ ዓይኗን ከአቅርቦ ማያ መነጽሯ ሳትነቅል። "እርስዎስ እስከ የት ሄደው ያውቃሉ?"

"ፊላደልፊያ። አልወደድኩትም።"

ሳቋ አመለጣት። እሱ ግን አልሳቀም። "ወፏ እንግዳ ናት፤ ሁለት ሳምንት በልታ ትሄዳለች። ሸርጣኑ ወፍ የሚባል ሳይፈጠር እዚሁ ነበር። ደሙ እንኳ ሰማያዊ ነው። ምኑን ከምን ያወዳድሩታል?"

"እስቲ ያሳዩኝ።"

በማግስቱ አመሻሽ ላይ፣ ማዕበል በጀርባቸው የጣላቸውን ሸርጣኖች እንዴት እንደሚያቃና አሳያት። "ጭራውን እንዳይጎትቱ። በጎንና በጎን ይያዙት፤ አይነክስም፣ ምስኪን ነው።"

ጠዋት ደግሞ እሷ መነጽሯን አቀበለችው። እግሯ ላይ አረንጓዴ ምልክት የታሰረላት ወፍ እንቁላል ትለቅማለች።

"ስትደርስ አጥንቷ ብቻ ነበር" አለችው።

ኤልውድ ወፏን ትክ ብሎ አያት። "ርቧት ነው ለካ" አለ።

ከዚያ ወዲህ ግንቦት በመጣ ቁጥር አብረው ሆኑ፤ እርስዎ መባባሉም ቀረ። በሦስተኛው ዓመት ተጋቡ። በሠርጉ ዕለት እንኳ ክርክሩን አልተውትም።

"አንተ ራስህ ሸርጣን ነህ፤ ከዚህ ንቅንቅ አትል" አለችው።

"አንቺ ብቻ እንዳትበሪብኝ።"

ባለፈው የበረዶ ወራት ሜቪስ ልቧን ታማ ሆስፒታል ሰነበተች። ኤልውድ በየቀኑ አንድ ሰዓት እየነዳ አጠገቧ ይውል ነበር። ከሆስፒታል ስትወጣ ሐኪሙ እረፊ ቢላትም ግንቦት ላይ ባሕሩ ዳር ካልወሰድከኝ አለችው። ወንበርና ብርድ ልብስ ተሸክሞ ወሰዳት።

እኔም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በአሸዋው ላይ ስሄድ ኤልውድ ከሩቅ እጁን አውለበለበልኝ።

"በዚያ በኩል ዙሪ" አለኝ ስቀርበው፣ በሹክሹክታ። "ወፎቹን ታስደነግጫለሽ።"

ብመለከት አንድም ወፍ የለም። ሜቪስ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ጫማዬን አውልቄ በሣሩ በኩል ዞርኩ።