ሰኞ ሰኞ ያልተነበበ ወንዝ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ቴክኒሽያኑ ከከሚሴ ወጣ ብሎ ካለው ድልድይ ሥር ወሰደኝና ምሰሶው ላይ የታሰረውን ባለ ቁጥር ብረት አሳየኝ። "ሜትር የምንለው ይኼን ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት እየመጣህ የቦርከና ወንዝ የትኛው ቁጥር ላይ እንደደረሰ ትጽፋለህ" አለኝ። ቁጭ ብዬ እንዳነብም አስተማረኝ፤ ቆሞ ቁልቁል የሚያይ ሰው ቁጥር ይስታል። ውኃው ከተዋዠቀ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን አይቶ መካከሉን መያዝ ነው።

ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ፣ "ያልመጣህበትን ቀን 'አልተነበበም' ብለህ ጻፍ" አለኝ። እኔ ጽሕፈቴ ያማረ፣ ስምንተኛ ክፍል የጨረስኩ ጎረምሳ ነኝ። "ወላሂ፣ በኔ መዝገብ ላይ እንዲህ ያለ ቃል አታይም!" አልኩት። ሳቀብኝ።

ቃሌን ጠበቅሁ። ወባ ይዞኝ እየተንቀጠቀጥኩ ሚስቴን ከድጃን ተደግፌ ወርጃለሁ። በሠርጌ ማግስት እንኳ ጠዋት ሜትሩ ሥር ነበርኩ። ተቆጣጣሪው ቅጹን ሊሰበስብ ሲመጣ ሌሎቹን አንባቢዎች "እንደ ሰይድ ጻፉ" ይላቸው ነበር። በዚያች ቃል አሥር ዓመት ኖርኩባት።

ከዚያ ዘሃራ መጣች። የጨፋ ገበሬ ናት፤ ፊደል የቆጠረችው ልጆች ከወለደች በኋላ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ከድልድዩ ትንሽ ከፍ ብሎ ቦርከናን የሚቀላቀል ወንዝ አለ፤ እዚያ ሜትር ተተከለና አንባቢ ሆና ተቀጠረች። ከሷ ሜትር ሆኖ ድልድዩ ይታያል። አንብባ ስትጨርስ እጇን ከፍ አድርጋ "አካም ቡልቴ፣ አያ ሰይድ!" ብላ በኦሮምኛ እንዴት አደርክ ትለኛለች። እኔም ለይሉኝታ እጄን አነሳለሁ።

መዝገቧን ሳየው ሳቄ መጣ። ፊደሏ ዶሮ የጫረችው ይመስላል፤ ቀዳዳውም ብዛቱ! "አልተነበበም፣ ልጄ ታማ ጤና ጣቢያ ነበርኩ።" "አልተነበበም፣ የአማቴ ቀብር።" አንዱ ጋ ደግሞ "አንብቤያለሁ፣ ግን ጭቃ ሸፍኖት ስለነበር እርግጠኛ አይደለሁም" ይላል። ኧረ ጉድ! ይቺ አንባቢ ናት ወይስ ሐኪም ቤት ተራ የምትጠብቅ በሽተኛ? አልኩ በሆዴ።

በዓመቱ አዲስ ኢንጅነር መጥቶ ሁላችንንም ለሥልጠና ከሚሴ ሰበሰበን። መዝገቦቻችን ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። አንዱን አንስቶ ከፍ አደረገና "መዝገብ ማለት ይኼ ነው!" አለ። የዘሃራ ነበር። የኔ ከፊቱ ተቀምጧል፤ የሻይ ብርጭቆውን አሳርፎበታል። ብርጭቆውን ሲያነሳው ሽፋኑ ላይ ክብ የሻይ ምልክት ቀረ።

ቅናት እንዲህ አንጀት እንደሚያቃጥል ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ምሳ አልበላልህ አለኝ። ቤት ገብቼም ስለሷ ሳወራ ስላመሸሁ ከድጃ "ጥልህ ከወንዙ ነው ከሴትዮዋ?" ብላ ሳቀችብኝ።

መቅናቴ ብቻ አይደለም፣ አማኋትም። ተቆጣጣሪውን ለብቻው ጠርቼ "ያቺ ሴትዮ እኮ ዝናብ ሲሆን እቤቷ ቁጭ ብላ ነው የምትጽፈው" አልኩት። ውሸት ነው። ዝናብ ላይ ቆማ በዓይኔ አይቻታለሁ።

ሳያነብ የሚጽፈውስ እኔ ነበርኩ። እሷ በተቀጠረች ዓመት የፍየል ንግድ ጀምሬ ነበርና ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ እሄዳለሁ። ሳይነጋ ወጥቼ የምመለሰው ከመሸ ነው። ማክሰኞ ጠዋት የእሑዱን ቁጥርና የማክሰኞውን ቁጥር አያለሁ፣ መካከሉን ሰኞ ላይ እጽፋለሁ። አንድም ባዶ መስመር የለኝም፤ በዚህም በዘሃራ ላይ እኮራለሁ።

እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ኢንጅነሩ ራሱ አንብቦ በስልክ ኔትወርክ የሚልክ መሣሪያ ሊያመጣልን እንደሆነ ነገረን። ያለው ግን አንድ ብቻ ነው። የሚታመነው መዝገብ ያለበት ቦታ ላይ ይተከላል፤ የድሮው ንባብም ከአዲሱ ጋር ይቀጠላል። የሃያ ዓመት ልፋቴ ነዋ! የኔ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው? ለከድጃ "በቃ፣ መጣልን" አልኳት።

ኢንጅነሩ ሁለታችንንም ድልድዩ ዘንድ አስጠራን። ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ገለጠና በጣቱ አንድ መስመር ያዘ።

"አቶ ሰይድ፣ ቦርከና ሰኞ ሰኞ እረፍት ይወጣል እንዴ?"

የነሐሴ ሰኞ ነው። ቅጹ ሁለቴ ብቻ ሲጠይቅ ዘሃራ አምስቴ አንብባለች፤ ወንዟ ሜትሩን ሊውጥ ደርሶ ነበር። የኔ ሰኞ የእሑድና የማክሰኞ እኩሌታ ነው።

"የሷ ወንዝ እንዲህ ሞልቶ የርስዎ እንዴት ዝም አለ? ውኃው የት ገባ?"

"ባቲ ነበርኩ" አልኩ።

መዝገቡን ዘጋው። "ሰኞውስ ይሁን። ሌላውን ቀን በምን ልመንዎት? ሙሉውን ልጥለው ነው።"

ያኔ ዘሃራ "አይጣል" አለች። "ከኔ ሜትር ድልድዩ ይታያል። ጠዋትም ማታም እጄን አነሳላቸዋለሁ፣ እሳቸውም ያነሱልኛል። የማያነሱልኝ ሰኞ ሰኞ ብቻ ነው። እኔ የቀረሁበት ቀን ደግሞ መዝገቤ ላይ አለ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እኔ ከመጣሁ ወዲህ፣ አዎ። ከዚያ በፊት ያለውን አላየሁም፤ አላውቅም።"

አመናት። የማታውቀውን አላውቅም ስለምትል አመናት። እሷ ከመጣች ወዲህ ያለው መዝገቤ ሰኞዎቹና እሷ የቀረችባቸው ቀናት ወጥተውለት ተረፈ። ከዚያ በፊት ያለው አሥር ዓመት፣ አንዲት ቀን ያላጓደልኩበት፣ በወባ እየተንቀጠቀጥኩ የወረድኩበት፣ ምስክር የለውምና "የማይታመን" ተብሎ መጋዘን ገባ። መሣሪያው እሷ ጋ ተተከለ።

ሐሜቴን ሰምታ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። ያን ሳምንት በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ በቀይ እስክሪብቶ እያንዳንዷን ሰኞ ሰርዤ "አልተነበበም" ብዬ ጻፍኩ። እጄ ዛለ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላም በድልድዩ ሳልፍ በሽቦ የታጠረውን መሣሪያዋን አያለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ዛሬም እቀናባታለሁ። እጇን ታነሳልኛለች፣ አነሳላታለሁ።

በኔ ቦታ ለምትተኩ አንባቢዎች የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ያላነበባችሁትን ቀን "አልተነበበም" ብላችሁ ጻፉ። አንድ የፈጠራችሁት ሰኞ በእውነት ያነበባችሁትን አሥር ዓመት ይዞባችሁ ይሄዳል።