የአባቴ ስም ያለበት መቃብር

የቀለም ሽታ ሲሸተኝ ዛሬም መንገዴን እለውጣለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ወጣቶች የድሮውን የክርስቲያን መቃብር እሾህ መንጥረው መስቀሎቹን ቀለም ሲቀቡ፣ በሩ ላይ ቆሜ መግባት አቃተኝ።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ በአምስት ዓመቴ ሞተ። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ጎርፍ ጅቡቲን አጥለቀለቃት፤ የመቃብሩንም የእንጨት መስቀሎች ጠራርጎ ወሰዳቸው። ውሃው ሲጎድል እናቴ አዲስ መስቀልና አንድ ጣሳ ጥቁር ቀለም ይዛ ወሰደችኝ። ፀሐዩ አናቷን እየጠበሳት በጨዋማው ጭቃ ውስጥ ስትመላለስ ዋለች። በመጨረሻ አንዱ ጉብታ ላይ መስቀሉን ተከለችና የአባቴን ስም መጻፍ ጀመረች።

«እማዬ፣ እዚህ ነው እንዴ?» አልኳት።

ቀና ሳትል፣ «እኔ እንጃ ልጄ። ግን አንቺ የምታለቅሺበት ቦታ ያስፈልግሻል» አለችኝ።

እሷም እስክትሞት ድረስ ሁለታችንም እዚያ አለቀስን።

በዚያው ቅዳሜ እንደምንም ገብቼ እስከ አባቴ መስቀል ደረስኩ። ከድሬዳዋ የመጡ አንዲት አሮጊት በዚያው ረድፍ የወንድማቸውን መቃብር ይፈልጋሉ። ከቀቢዎቹ ወጣቶች መዝገብ የያዘችው አየችኝና፣ «እትዬ፣ ይሄኛው አባትዎ ናቸው አይደል? ስማቸውን ላድሰው?» አለችኝ።

አሮጊቷ የአባቴን ስም አንብበው ወደሚቀጥለው ጉብታ አለፉ። ልጅቷን ትቼ ተከተልኳቸው።

«እማማ፣ ወንድምዎ የት ጋ ነበር የተቀበሩት?»

«ከግንብ አጥሩ ሲቆጠር አራተኛው ላይ» አሉኝ።

ዞሬ ከአጥሩ እስከ አባቴ መስቀል መቁጠር ፈራሁ።