የዳሃቦ ቆጥና የቀበሌው ሜትር

ዳሃቦ ሩዝና ቴምር ትሸጥ ነበር። ቤቷና ሱቋ አንድ ነው፤ ድሬዳዋ፣ ከደቻቱ ወንዝ ዳር። በክረምት ጎርፉ ሳይጠራ ስለሚገባ ጆንያዎቿን የምታቆየው ከሱቁ በላይ በተሠራው ቆጥ ላይ ነው። መውጫዋ መሰላል ነበር። በ1974 ዓ.ም. ከመሰላሉ ወድቃ ጉልበቷ ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ ቀኝ እግሯ አይታጠፍም።

«ደረጃ ሥራልኝ» አለችው ጎረቤቷን አናጺውን ወልደ ማርያምን።

«የሁለት ቀን ሥራ ነው። ያለ ፈቃድ ከነካሁት ግን እኔም መጋዜም ቀበሌ እናድራለን።»

አመለከተች። «ነገ ነይ» ሲሏት ሦስት ወር አለፈ። በመጨረሻ የቤቶች ኮሚቴ ሊቀ መንበሩ ጓድ ሹክሪ፣ ሁለት ሰዎችና አንድ ሜትር ይዞ፣ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት መጣ።

ድሬ ላይ በዚያ ሰዓት የመጣን እንግዳ ያለ ጫት መሸኘት ነውር ነው። ዳሃቦ የአወዳይ ጫት አስመጥታለች። ሱቁ ይሞቃል፤ ቆጡ ላይ ግን በመስኮቱ ነፋስ ይገባል። ጆንያዎቹን ወደ ጥግ አስገፍታ ምንጣፍና ትራስ አስነጥፋለች። ሰዎቹ ለክተው ሲጨርሱ ተጋደሙ። እሷ በደህና እግሯ መሰላሉ ሥር ቆማ ሻይ ስታቀብል ዋለች።

«ኤዶ ዳሃቦ!» አለ ሹክሪ ከላይ፣ እንደ አክስቱ እየጠራት። «እዚህማ ከጽሕፈት ቤታችን ይሻላል!»

እስከ መግሪብ ቃሙ። ሲሄዱ ወልደ ማርያም ቆጡ ላይ ወጥቶ አየው። የጫቱ ገራባ ተበትኗል፣ የሲጋራ ቁራጭ ምንጣፉን አቃጥሏል፣ አንዱ የቴምር ጆንያ ላይ አረንጓዴ ምራቅ ተተፍቶበታል።

ማክሰኞ ደብዳቤ መጣ። ቆጡ ሦስት ሰዎችን ከሦስት ሰዓት በላይ በምቾት ያስቀመጠ፣ መስኮትም ያለው በመሆኑ፣ ዕቃ ማስቀመጫ ሳይሆን መኖሪያ ክፍል ነው ይላል። ደረጃው ተፈቅዷል፤ ግን በውጭ በኩል፣ በራሷ ወጪ። ክፍሉ ትርፍ ቤት ስለሆነ ለቤት ፈላጊ ይሰጣል።

እያነከሰች ቀበሌ ሹክሪ ዘንድ ሄደች።

«እናንተን ላክብር ብዬ እንጂ መቼ ሰው ተቀምጦበት ያውቃል?»

«ኤዶ፣ ደንብ አክብሮት አያውቅም። ሰው ከተቀመጠበት ክፍል ነው።»

«ጆንያዬስ? ክረምት ደረሰ እኮ።»

«ከሚገባው ሰው ጋር ተነጋገሪ። የሚስቴ ወንድም ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም።»

ዳሃቦ አፉን አየችው። ሲናገር ከንፈሩ ጥግ ላይ አረፋ ይሰበሰባል። ያንን አፍ በገዛ እጇ ሻይ አጠጥታዋለች። ወጥታ በቀጥታ ወደ ሰፈሯ አነከሰች።

«የቆጡን ወለል ንቀለው» አለችው ወልደ ማርያምን።

«ጆንያውስ?»

«መሬት ይውረድ።»

«አብደሻል? ጎርፉስ?»

«ጎርፍ እንኳ በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። እሱ ሰውዬ ከገባ ግን አይወጣም። ንቀለው አልኩህ!»

የሹክሪ አማች አልጋውን በጋሪ ጭኖ ሲደርስ ከቆርቆሮው በታች አራት አግዳሚ እንጨት ብቻ ቀርቷል። ሹክሪ እየሮጠ መጣ።

«ክፍሉን አፈረስሽ! ይሄ ፀረ አብዮት ሥራ ነው!»

«የምን ክፍል? ና ተቀመጥበታ።»

ሦስት ቀን ቀበሌ አሰሯት። አግዳሚ ላይ ሰው ማስፈር ግን አልቻሉም።

በሐምሌ ደቻቱ ሞላ። አሥራ አንድ ጆንያ ሩዝ በሰበሰ፤ ሽታው ሰፈሩን ያዘው። ዳሃቦ አፍንጫዋን በሻሽዋ አስራ የገማውን ስትዝቅ ወልደ ማርያም ደጃፉ ላይ ቆመ።

«አይቆጭሽም?»

«እንዴት አይቆጨኝ! ይልቅ አትገተር፣ አካፋ ያዝ።»